«ከየት ነው የመጣኸው?» ወረርሽኝ የምታስቆም አንዲት ጥያቄ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ እንደ እኛ ባለ ድሃ አገር ከባድ ወረርሽኝ ቢገባ መንግሥት ይችለዋል? ወይስ አለቀልን?» የሚል ነው። በአንድ መስመር የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ እስቲ ቁጭ ብለን እንማማር። ትንሽ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ግን ራሴን ላጋልጥ።

የእኔ ስህተት

ሐኪም ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ተመላላሽ ክፍል ተመድቤ እሠራ ነበር። ጥቅምት ወር ላይ አንድ ወጣት ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ብሎ መጣ። በር ላይ የተሰለፈው ሰው ብዛት ለአንድ ታካሚ አምስት ደቂቃ እንኳ አያሰጥም። ልጁ ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ ታይቶ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል። እኔም ወረቀቱን አየሁና «በል የጀመርከውን ጨርስ፣ ውሃ በደንብ ጠጣ» ብዬ ሸኘሁት።

በሦስተኛው ቀን እናቱ ደግፈው አመጡት። ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ይቃዣል። የዚያን ቀን አብራኝ ተረኛ የነበረችው ከእኔ በልምድ የምትበልጥ ሐኪም ገና እንዳየችው ወደ እናቱ ዞር አለችና «እማማ፣ ልጁ ሰሞኑን ከየት ነው የመጣው?» አለቻቸው።

«ከመተማ ነው ልጄ፤ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ነበር።»

ደሙ ታየ። ወባ ነው፤ ያውም አእምሮ ላይ የሚወጣው ከባዱ ዓይነት። ፈጣሪ ይመስገን ልጁ ተርፏል። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ወባ በሐሳቤ አልመጣም፤ ስለዚህ አልጠየቅኩም። ለመጠየቅ የሚያስፈልገው አምስት ሰከንድ ነበር።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ይህችው ጥያቄ በሌላ አገር፣ በሌላ በሽታ ላይ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ያዳነችበትን ታሪክ ልነግራችሁ ነው።

ሌጎስ፣ ሐምሌ 2006

ሐምሌ 13 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2014) አንድ መንገደኛ ከላይቤሪያ ተነስቶ በቶጎ በኩል ናይጄሪያ፣ ሌጎስ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። እንደደረሰም ወደቀ። ሌጎስ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ተጨናንቆ የሚኖርባት፣ ከአፍሪካ ትልልቅ ከተሞች አንዷ ናት። በዚያን ሰዓት ጊኒ፣ ሴራሊዮንና ላይቤሪያ በኢቦላ እየነደዱ ነበር።

ነገሩን የባሰ ያደረገው ደግሞ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሞች የሥራ ማቆም አድማ ላይ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ሰውዬው ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ የታሰበው ምን ይመስላችኋል? ወባ! ሕክምናውም ለወባ ተጀመረ።

በማግስቱ ዶ/ር አሜዮ አዳዴቮ የተባሉ ከፍተኛ ሐኪም ዙር ሲያደርጉ አዩት። እኚህ ሴት በሕይወታቸው የኢቦላ ታማሚ አይተው አያውቁም፤ በናይጄሪያም ከዚያ በፊት አንድም ሰው በኢቦላ ተይዞ አያውቅም። ግን ሰውዬው ከየት እንደመጣ ተመለከቱ፣ ጠየቁም። እሱ ከኢቦላ ታማሚ ጋር ንክኪ አልነበረኝም ብሎ ካደ። እሳቸው ግን በመልሱ አልረኩም። ለይተው አስቀመጡት፣ ናሙና አስላኩ፣ ለመንግሥት አሳወቁ። ከላይቤሪያ ባለሥልጣናት በኩል «ስብሰባ አለበት፣ ልቀቁት» የሚል ግፊት ሲመጣም አሻፈረኝ አሉ።

የሌጎስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ላብራቶሪ ኢቦላ መሆኑን አገኘ። ሰውዬው ሐምሌ 18 ቀን አረፈ። ዶ/ር አዳዴቮ ራሳቸውም በበሽታው ተይዘው ነሐሴ 13 ቀን 2006 ዓ.ም. ሞቱ። አብረዋቸው ከሠሩትም የሞቱ አሉ።

ያ ሰው ያን ቀን ከሆስፒታል ወጥቶ ስብሰባ ቢገባ ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። በሦስቱ ጎረቤት አገሮች ወረርሽኙ እስኪያበቃ ከ28,000 በላይ ሰው ተይዞ ከ11,000 በላይ ሞቷል። በናይጄሪያ ግን በጠቅላላው የተያዘው 20 ሰው፣ የሞተው 8 ነው። ጥቅምት 10 ቀን 2007 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ናይጄሪያ ከኢቦላ ነፃ መሆኗን አወጀ። ይህ ሁሉ የሆነው በሦስት ወር ውስጥ ነው።

እንዴት ቻሉት?

ናይጄሪያ ሀብታም የጤና ሥርዓት ያላት አገር አይደለችም። ታዲያ ምን ነበራት?

1. ቀድሞ የተሠራ መዋቅር። በዚያን ጊዜ ናይጄሪያ ፖሊዮ ካልጠፋባቸው ሦስት የዓለም አገሮች አንዷ ነበረች። ለዚህ ብላ የፖሊዮ አስቸኳይ ጊዜ ማስተባበሪያ ማዕከል አቋቁማ ነበር። ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ ካርታ የሚሠሩ፣ መረጃ የሚሰበስቡ የሠለጠኑ ሰዎች በሥራ ላይ ነበሩ። ኢቦላ ሲመጣ አዲስ ነገር ከዜሮ አልጀመሩም። የፖሊዮ ማዕከሉን ምክትል ኃላፊ አምጥተው የኢቦላውን እንዲመሩ አደረጉ፤ ልምድ ያላቸውን ሠራተኞችም አዞሩ።

2. ንክኪ ያለውን ሰው መከታተል። የኢቦላ ምልክት ከተጋለጡ በኋላ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ምልክት ያልታየበት ሰው አያስተላልፍም። ስለዚህ የተጋለጠውን ሰው ለ21 ቀን ሙቀቱን እየለኩ መጠበቅ፣ ምልክት ሲጀምረው ወዲያው መለየት ያስፈልጋል። ናይጄሪያዎች ወደ 900 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል፤ ለዚህም ከ18,000 በላይ የቤት ለቤት ጉብኝት አድርገዋል። በእግር ነው እንግዲህ፣ በር እያንኳኩ!

3. አገር ውስጥ ያለ ላብራቶሪ። ናሙና ባሕር ማዶ ተልኮ ውጤት እስኪመለስ በሽታው አይጠብቅም።

4. ስህተትን ቶሎ ማረም። አንድ ክትትል ላይ የነበረ ሰው አምልጦ ፖርት ሃርኮርት ወደተባለች ከተማ ሄዶ በድብቅ ታከመ። ያከመው ሐኪም ተይዞ ሞተ፤ በሽታው ወደ ሌሎችም ተላለፈ። መንግሥት ግን ቡድኑን ወዲያው ወደዚያ ላከና እዚያም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መከታተል ጀመረ።

አንድ ነገር ግን እዩልኝ። በዚያው ሰሞን «ጨው በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ኢቦላ አይዛችሁም» የሚል ወሬ በስልክ መልእክትና በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። ሰው አመነ፣ ጠጣ። በዚህ የተነሳ ሆስፒታል የገቡ፣ የሞቱም እንደነበሩ ተዘግቧል። ወረርሽኙ ሊደርስባቸው ያልቻለውን ሰዎች በእጃቸው ያለው ስልክ ደረሰባቸው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ባለሙያ አስቀምጧል። በዚያው የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ ከ180 በላይ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዘምተው አገልግለዋል።

ኮቪድ ሲጀምር ደግሞ ትዝ ይላችኋል። ጥር 2012 ላይ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የተላከው። ብዙም ሳይቆይ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራው እዚሁ ተጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ሲገኝ የተመረመረው በአገራችን ላብራቶሪ ነው። ከዚያ በየክልሉ ተስፋፋ። ኅዳር 2018 ላይ በጂንካ ማርበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ሲረጋገጥም ይህ አቅም ባይኖር ኖሮ መጀመሪያ ፈልገን የምናገኘው በሽታውን ሳይሆን አውሮፕላን ነበር። ማርበርግ የኢቦላ ዘመድ ነው፤ የሚተላለፈው በታመመ ወይም በሞተ ሰው ደም፣ ትውከት፣ ላብና በመሳሰለው የሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ነው።

ጉድለታችንም አይደበቅም። ጓንት የሚያልቅበት ክፍል አለ። ውሃ የሚጠፋበት ጤና ጣቢያ አለ። ትኩሳት ያለበትና ነፍሰ ጡሯ በአንድ አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። እንደ እኔ በወረፋ ተጨናንቆ አንዲት ጥያቄ የሚዘል ሐኪም አለ።

እንግዲህ «መንግሥት ዝግጁ ነው ወይ?» ለሚለው የእኔ መልስ ይኼ ነው። ዝግጅት በወረርሽኙ ቀን አይገዛም። በቴሌቪዥን የሚመረቀውን ድንኳንና አልጋ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ሰላም በሆነ ተራ ማክሰኞ ወደ ጤና ጣቢያችሁ ሂዱና እዩ። እጅ መታጠቢያው ውሃ አለው? የሚያስለውና ትኩሳት ያለበት ሰው በር ላይ ተለይቶ ይታያል? ጓንት አለ? ባለሙያው ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃል? ደመወዙ ቤተሰቡን ያኖረዋል ወይስ ልቡ ሌላ ቦታ ነው? በተራ ማክሰኞ የሌለ ነገር በወረርሽኝ ቀን ከሰማይ አይወርድም። እነዚህን ጥያቄዎች በቀበሌና በወረዳ ስብሰባ ላይ ማንሳት መብታችሁ ነው። ስም ማጥፋትም አይደለም።

የእናንተ ድርሻስ?

✅ ትኩሳት ኖሯችሁ ሐኪም ጋ ስትቀርቡ ባለፉት 3 ሳምንታት የት የት እንደሄዳችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ቆላ ወርዳችሁ ከነበረ፣ ከውጭ ከመጣችሁ፣ ለቅሶ ላይ አስከሬን ነክታችሁ ከሆነ፣ የታመመ አስታማችሁ ከሆነ አትደብቁ። ወባም ቢሆን እንኳ ሕይወታችሁን የምታተርፉት በዚህ ነው። ምልክቱ ደግሞ ከወራት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ለወባ ሲሆን የቆየውንም ጉዞ ንገሩ።

✅ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብላችሁ መድኃኒት ጀምራችሁ በሁለትና በሦስት ቀን ካልተሻላችሁ ተመለሱ። «የጀመርኩትን ልጨርስ» ብላችሁ ቤት አትተኙ። ከትኩሳት ጋር መቃዠት፣ ዐይን ቢጫ መሆን፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ መድማት፣ ደም የተቀላቀለበት ትውከት ወይም ተቅማጥ፣ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

✅ ወረርሽኝ አለ በተባለበት አካባቢ እንዲህ ዓይነት ሕመም ካያችሁ ታማሚውን በባዶ እጅ አትንኩ፣ በተጨናነቀ ታክሲም አትጫኑት። 8335 ወይም 952 ነፃ መስመር ላይ ደውሉ፤ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል። ቁጥሮቹን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው።

✅ ክትትል ላይ ናችሁ ከተባላችሁ አትሽሹ። የፖርት ሃርኮርቱን ሰው አስታውሱ። የሸሸው ሰው ተረፈ፤ ያከመው ሐኪም ግን ሞተ።

✅ «ይህን ጠጡ፣ ይህን ታጠኑ፣ አይዛችሁም» የሚል ነገር ሲደርሳችሁ ወደ ሌላ ከመላካችሁ በፊት ቆም በሉ። የጤና ሚኒስቴርና የኢንስቲትዩቱ ገጽ ላይ ካልተገኘ እናንተ ጋ ይቁም።

ስጨርስ፣ ያ የመተማው ልጅ ከሆስፒታል የወጣ ቀን እናቱ እጄን ይዘው መረቁኝ። ምርቃቱ የሚገባት ለእሷ፣ ያቺን ጥያቄ ለጠየቀችው ባልደረባዬ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም፤ አፈርኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወረፋው በሩን ቢያጣብበውም ማንንም ትኩሳት ያለበት ሰው «ከየት ነው የመጣኸው?» ሳልል ሸኝቼ አላውቅም። እናንተም ሐኪማችሁ ከረሳ አስታውሱት። አይቀየምም፤ ቢቀየምም ግድ የለም።

ይህን ጽሑፍ በተለይ ከቆላ አካባቢ ወይም ከውጭ ለሚመላለስ ዘመድ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ጊዜ ሳገኝ በየተራ እመልሳለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ! 🙏