የአዲስ ዓመት ትምህርት፦ «ጌታ ቢፈቅድ»

ንባብ፦ የያዕቆብ መልእክት 4፥13–17፤ መዝሙር 65፥9–13



ሐረር የንግድ ከተማ ናት። በጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች ነጋዴ ሲገባና ሲወጣ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ያዕቆብ ስለ ነጋዴዎች የጻፈው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ፥ ስንት ጊዜ እንደሚቀመጡ፥ እንደሚያተርፉም ቆርጠዋል፤ ነገን የሚሰጠውን ጌታ ግን በሒሳባቸው አላስገቡትም። ያዕቆብ የነቀፈው ማቀዳቸውን ሳይሆን ትምክህታቸውን ነው።

ይህን እኛም በዓይናችን አይተናል። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ሁልጊዜ የሚኖር መሰለን። ለከተማ መጠጥ፥ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ያለ ልክ ተሳበ፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የታጠበው አፈርም ሞላው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች እስኪመጣ ድረስ የጀሪካን ወረፋ የዕለት ኑሯችን ሆነ።

ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ። በአንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ አንዲት የጉባኤያችን እናት ያገኙትን አንድ ጀሪካን ውሃ ከሙስሊም ጎረቤታቸው ጋር እኩል ሲካፈሉ አየሁ። «ለነገስ?» አልኋቸው። «ልጄ፥ የነገው በእርሱ እጅ ነው፤ የዛሬው ግን በእኔ እጅ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስለ እምነት ብዙ ተምሬአለሁ፤ የእርሳቸውን መልስ ግን አልረሳሁም።

ጎረቤቶቻችን «ኢንሻ አላህ» ይላሉ፤ እኛም «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» እንላለን። ነገር ግን ቃሉ የአፍ ልማድ ብቻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በእግዚአብሔር መታመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ያዕቆብ ክፍሉን የሚደመድመው መልካሙን አውቆ የማያደርገው ኃጢአት እንደሚሆንበት በመናገር ነው። ሐሮማያ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንደገና ውሃ ይዟል። በዙሪያው ባሉት ኮረብቶች ሰዎች እርከን ሠሩ፥ ችግኝ ተከሉ፤ ዝናቡን የሰጠ ግን እግዚአብሔር ነው። መዝሙረኛውም ዓመቱን በቸርነቱ የሚያቀዳጅ እርሱ መሆኑን ይመሰክራል።

በፕሮጀክት የምታገለግሉ ሆይ፥ የዓመቱን ዕቅድ ስትጽፉ በጸሎት ጀምሩ፤ የሕዝቡንም ምክር ስሙ። ዕቅዱ ቢለወጥ ጌታ አልተለወጠም።

ለውይይት፦
1. ባለፈው ዓመት ከእግዚአብሔር ይልቅ የታመንንበት «ሐይቅ» ምን ነበር?
2. አውቀነው ሳናደርገው የቀረ መልካም ነገር ምንድን ነው?
3. በዚህ መስከረም ከጎረቤታችን ጋር የምንካፈለው ምን አለን?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፥ ነገን ለአንተ እንተዋለን፤ የዛሬውን መልካም ሥራ እንድንሠራ እርዳን። አሜን።