ፀረ ተባይ መድኃኒት በጓንትና በጀሪካን ውስጥ እንዴት ይሰርጋል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በመካኒሳና በፉሪ አካባቢ የትንሹን አቃቂ ወንዝ ዳር ተከትለው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ለሚያመርቱ ገበሬዎች የፀረ ተባይ ርጭት የዘወትር ሥራ ነው። ያለ ጓንት እንዳይረጭ ስንመክር ቆይተናል። ይሁን እንጂ በጉብኝታችን ደጋግመን ያየነው ሌላ ችግር አለ። ጓንት ያደረገ ሰው እጁ ከመርዝ ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ ይመስለዋል። ማታ ጓንቱን ከውጭ አጥቦ ይሰቅላል፤ ጠዋት ያንኑ ያጠልቃል። ቆዳውን የሚያገኘው ግን የትናንቱ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ይህ የሚደርሰው ጓንቱ የግድ ስለተቀደደ አይደለም። ጎማም ሆነ ፕላስቲክ ለዓይን ድፍን ቢመስልም እንደ ክር ከረዘሙና እርስ በርስ ከተጠላለፉ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። ፈሳሹ በመጀመሪያ በውጭው ገጽ ላይ ሟሙቶ ይገባል፤ ቀጥሎ በክሮቹ መካከል እየተሽሎከለከ ብዙ ካለበት ጥቂት ወዳለበት ይጓዛል፤ በመጨረሻ በውስጥ በኩል ብቅ ይላል። እጥበት በላይ ያለውን ያነሳል እንጂ የሰረገውን አይመልስም። የሰረገው ጓንቱ ተሰቅሎ ሳለም ጉዞውን ይቀጥላል።

ሁሉም ፈሳሽ እኩል አይሰርግም። ውሃ ጎማን እምብዛም አያልፍም። እንደ ማላታይን 50 በመቶ ያሉ፣ ውሃ ሲነካቸው ወተት የሚመስሉ መድኃኒቶች ግን ብዙውን ጊዜ የሚሟሙት እንደ ዛይሊን ባለ የነዳጅ ውጤት ነው። ዛይሊን የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፣ ክሮቹን ያራርቃል፣ መርዙንም አስከትሎ ይገባል። ስለዚህ ለጓንቱ ከባዱ ሰዓት ያልተበረዘው መድኃኒት የሚለካበት ነው። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ገበር የሌለው የናይትራይል ጓንት ነው። ጨርቅና ቆዳ መርዙን መጥጠው እጅ ላይ ስለሚያቆዩት ከነአካቴው መቅረት አለባቸው።

ውፍረትም ወሳኝ ነው። የጓንቱ ዓይነት አንድ ሆኖ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን፣ ፈሳሹ እስኪያልፍ የሚወስደው ጊዜ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነው ጓንት 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነው ስስ ጓንት 16 እጥፍ ያህል ይቆያል። የፀሐይና የእጅ ሙቀት ጊዜውን ያሳጥረዋል።

የልማት ሠራተኞች ይህን በማኅበር ስብሰባ ላይ በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከተፈጥሮ ጎማ ጓንትና ከናይትራይል ጓንት እኩል ቁራጭ ቆርጦ፣ በማስመሪያ ለክቶ፣ ከእሳት ርቆ በላምባ ውስጥ ማሳደር ነው። በማግስቱ የተፈጥሮ ጎማው አብጦና ረዝሞ ይገኛል። ከብዙ ንግግር ይልቅ ይህ ያሳምናል።

የጀሪካኑም ነገር ከዚህ አይለይም። መድኃኒቱ ለወራት ሲቀመጥበት የፕላስቲኩ ግድግዳ ይጠጣዋል፤ በኋላ ውሃ፣ ዘይት ወይም ጠላ ቢቀመጥበት ቀስ በቀስ መልሶ ይለቀዋል። ሽታው ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ባዶው ጀሪካን እንዳለቀ ወዲያውኑ፣ ሩቡን በውሃ እየሞሉ፣ 30 ሴኮንድ እየናጡ፣ ሦስት ጊዜ ይለቀለቅ። እጣቢው ወደ መርጫው ይገልበጥ፤ በወንዙ ውስጥ ፈጽሞ አይደፋ። ከዚያ ጀሪካኑ ይበሳ። ማለቅለቁ የሚጠቅመው ለአወጋገድ ነው፤ ዕቃውን ለቤት አገልግሎት አያበቃውም።

ንፋስ ስልክ በቀለም ፋብሪካው የታወቀ ሰፈር ነውና አንዳንድ ማኅበራት የመጋዘናቸውን ወለል በዘይት ቀለም ቀብተው ተማምነዋል። ቀለምም ከእነዚሁ ክሮች የተሠራ ነው፤ ዛይሊን ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ይላጣል። በተቀባ ወለል ላይ የፈሰሰም ቢሆን ወዲያው አሸዋ ወይም የእንጨት ብናኝ ተነስንሶበት መነሳት አለበት።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ስለ መድኃኒቶች ምዝገባ ይደነግጋል፤ ማኅበራት ያልተመዘገበና ገላጭ ጽሑፍ የሌለው መድኃኒት አይግዙ። ጓንት ሲታደል የመጀመሪያው ቀን በእጅጌው ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። ያበጠ፣ የለሰለሰ፣ የደረቀ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ጓንት ባይቀደድም ከባዶ ጀሪካኖቹ ጋር ተለይቶ ይቀመጥ፤ ለሌላ ሥራ፣ በተለይ ለወተት ላም አላቢ፣ አይሰጥ።