መብራት ሲመለስ የሚቃጠል ዕቃ፦ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ቤቶች የኮረንቲ መከላከያ አመራረጥ

መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ «ፍሪጅ እንዳይቃጠል የሚያደርግ ነገር ስጡኝ» ብትሉ፣ ሻጩ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያወጣላችኋል። አንዱ ትንሽ መብራት ያላት ዲቫይደር ናት፤ ሁለተኛው ከባዱ ስታቢላይዘር፤ ሦስተኛው ቮልቴጅ በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ፕሮቴክተር። ሦስቱም «ዕቃ ያድናል» ተብለው ይሸጣሉ። የሚከላከሉት ጠላት ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት፣ የእናንተን ቤት የሚያጠቃው የትኛው እንደሆነ ነው።

ሦስቱ ጠላቶች

የመጀመሪያው መብረቅ ነው። መብረቅ ዕቃ ለማቃጠል የግድ ጣራችሁ ላይ መውደቅ የለበትም። የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ደጋ ከተሞች የሚመጣው ሸንተረር ተከትሎ፣ ገላጣ ሜዳ አቋርጦ፣ ገደል ተሻግሮ ነው። መብረቁ ርቆ መስመሩን ወይም አጠገቡን ቢመታ፣ በሺዎች ቮልት የሚቆጠር ግፊት በሽቦው ተጉዞ ቤት ይገባል። ዕድሜው ግን እጅግ አጭር ነው፤ በማይክሮ ሰከንድ ይለካል። አምፖሉ እንኳ ብልጭ ሳይል ቴሌቪዥኑ ሊሞት ይችላል።

ሁለተኛው ቮልቴጅ ከፍ ብሎ መቆየቱ ነው። ይኼኛው እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ አይጠፋም፤ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ይቀመጣል። መንስኤው በአብዛኛው የኒውትራል ሽቦ መበጠስ ወይም መላላት ነው።

ሦስተኛው ማነስና መቆራረጥ ነው። በበዓል ዋዜማ መንደሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ይደክማል፣ የፍሪጁ ሞተር መነሣት ያቅተውና ባለበት ቆሞ ይግላል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስም ያው ነው፤ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ሳይረግብ ሞተሩ ተገዶ ለመነሣት ይታገላል።

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋልና ይህ ችግር አብሮ ያበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። የማመንጫ ኃይል መጨመር ግን በራሱ የሰፈርን ሽቦ አያድስም። መብረቁን ሳንቆጥር፣ ዕቃችንን የሚያቃጥለው ደግሞ በአብዛኛው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ወዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

«ብሬከር አለኝ» ለሚሉ

ብሬከር የሚቆጥረው አምፔር እንጂ ቮልት አይደለም። ሽቦ ከመጠን በላይ ሲጫን ወይም ሲነካካ ይወርዳል፤ ሥራውም ቤቱ በእሳት እንዳይያያዝ ማድረግ ነው። 350 ቮልት ቢመጣ ዕቃው ተቃጥሎ ሽቦው እስኪገናኝ ድረስ ብሬከሩ ዝም ብሎ ያያል።

ኒውትራል ሲበጠስ

ብዙ ሰው «ኮረንቲ በዝቶ መጣ» የሚለው ይህንን ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ከትራንስፎርመሩ የሚወጡት ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ናቸው። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት አለ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት። ቤታችሁ የሚገባው አንዱ ፌዝና ኒውትራሉ ነው፤ የጎረቤታችሁ ፌዝ ሌላው ሊሆን ይችላል፤ ኒውትራሉ የጋራ ነው። የተበጠሰው የእናንተ ቤት መግቢያ ብቻ ከሆነ መብራት ይጠፋባችኋል፣ ጉዳቱም እዚያው ያበቃል። የጋራው ኒውትራል ግንዱ ላይ ሲበጠስ ግን የእናንተ ቤትና የጎረቤት ቤት በ380 ቮልት መካከል በተከታታይ የታሰሩ ይሆናሉ።

በቁጥር እንየው። ጎረቤት 3,500 ዋት ምጣድ ጥዳለች፤ የምጣዱ መቋቋም 14 ኦም ገደማ ነው። እናንተ 100 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን ከፍታችኋል፤ የሱ መቋቋም 484 ኦም ያህል ይሆናል። 380 ቮልቱ በሁለቱ መካከል በመቋቋማቸው ልክ ይከፈላል። ለምጣዱ የሚደርሰው 10 ቮልት ገደማ ነው፤ ለቴሌቪዥናችሁ 370 ቮልት ገደማ። የጎረቤት ምጣድ ቀዝቅዞ እንጀራው ሊጥ ሆኖ ሲቀር የእናንተ ዕቃ ይጨሳል። የሚጎዳው ትንሽ የሚበላው ነው፤ ቻርጀር፣ ሪሲቨር፣ ቴሌቪዥን፣ ኤልኢዲ አምፖል።

ምልክቱን ልጆችም ይወቁት። የአንዳንዱ ቤት መብራት ከወትሮው በላይ ፏ ብሎ የሌላው ደብዝዞ ከታየ፣ ወይም ጎረቤት ምጣድ ባበራና ባጠፋ ቁጥር የእናንተ አምፖል ከፍ ዝቅ ካለ፣ ኒውትራሉ ታሟል። ዋናውን ብሬከር አውርዱና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ለማጥበቅ የሚሞክር ጎበዝ ካለ አስቁሙት።

በሽታው የገጠር ሽቦ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንደ ቤት በተዘጋጀ መኪና የሚጓዙ ሰዎች ማረፊያ ቦታ ቆመው ከምሰሶ ኮረንቲ ሲወስዱ ከሚፈሩት አንዱ ይኸው ነው። ሁለት የ120 ቮልት መስመር በሚወስደው ትልቁ መሰኪያ ላይ የምሰሶው ኒውትራል ከላላ፣ ለ120 ቮልት የተሠራው ዕቃቸው ላይ እስከ 240 ቮልት ሊደርስ ይችላል። መላቸው መጀመሪያ ቮልቴጁን ለክቶ፣ ትንሽ ጠብቆ የሚያገናኝ፣ ከወሰን ሲያልፍ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። እኛም ገበያ ላይ ይህ አለ፤ ቁጥር የሚያሳየው ፕሮቴክተር ማለት ነው። በብሬከር ሣጥን ውስጥ የሚገጠመው ዓይነት ቤቱን በሙሉ ይጠብቃል። የላይኛውን ወሰን 250 ቮልት፣ የታችኛውን 180፣ መብራት ሲመለስ የሚጠብቅበትን ጊዜ ደግሞ ቢያንስ 180 ሰከንድ ላይ አድርጉት። በዚህ አንድ ዕቃ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጠላት አብራችሁ ትይዛላችሁ። ምጣድ ያለው ቤት ከሆነ 63 አምፔር የሚችለውን ግዙ።

ዲቫይደሯ ውስጥ ያለችው ቁራጭ

«ሰርጅ ፕሮቴክተር» የተባለች ዲቫይደር ብትፈታ ውስጧ ቫሪስተር የሚባል፣ ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራ ክብ ቁራጭ ይገኛል። በ220 ቮልት ላይ ምንም አይሠራም፤ የሺህ ቮልት ግፊት ሲመጣ ግን በናኖ ሰከንድ ተከፍቶ ግፊቱን ወደ ሌላ ሽቦ ያዞረዋል። ገበሬ ማሳውን ከጎርፍ ለማዳን የሚያወጣው ፈሰስ እንደሚያደርገው ነው። ፈሰስ ደግሞ መውጫ ከሌለው ውኃው እዚያው ማሳው ላይ ይተኛል፤ ወደ መውጫው ነገር ቶሎ እንመጣለን።

ቫሪስተር ለአጭር ግፊት የተሠራ ነው። ኒውትራል ተበጥሶ 370 ቮልት ለደቂቃዎች ቢቆምበት ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። በሙቀት የሚቆርጥ ፊውዝ የሌላት ርካሽ ዲቫይደር አልጋ ሥር ወይም መጋረጃ አጠገብ መቀመጥ የለባትም። በየጊዜው ግፊት ሲመጣበትም ይዳከማል፤ «መከላከያው ይሠራል» የምትለው መብራት ከጠፋች ዲቫይደሯ ከዚያ በኋላ ተራ ማከፋፈያ ናት።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣውን ዲቫይደር እዚህ አትሰኩ። የተሠራው ለ120 ቮልት ስለሆነ ውስጡ ያለው ቫሪስተር 220ውን እንደ ግፊት ቆጥሮ ወዲያው ይቃጠላል። ስጦታው ጥሩ ነው፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

ከዲቫይደር የሚሻለው በብሬከር ሣጥን ውስጥ የሚገጠመው ታይፕ 2 የሚባለው ሰርጅ አረስተር ነው። ሲገዛ ሁለት ቁጥር ይታያል። አንደኛው ሁልጊዜ ሊሸከመው የሚችለው ቮልቴጅ ነው፤ 275፣ 320 ወይም 385 ተብሎ ይጻፍበታል። ኒውትራሉ ለማይታመን መስመር 385ቱን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ግፊቱን የሚገታበት ቮልቴጅ ነው፤ 1.5 ኪሎ ቮልት ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ገጣሚው ሽቦውን አጭር እንዲያደርግ ንገሩት፤ ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። በመብረቅ ፍጥነት አንድ ሜትር ሽቦ ብቻውን እስከ 1,000 ቮልት ሊጨምር ስለሚችል፣ በሽቦ ተጠቅልሎ የተገጠመ ጥሩ አረስተር ከመጥፎው አይለይም።

መሬት ያልነካ መከላከያ

መውጫው ግራውንድ ነው። ቆጣሪያችሁ ድረስ የሚመጡት ፌዝና ኒውትራል ናቸው፤ ሦስተኛውን ሽቦ ባለቤቱ ነው ከገዛ መሬቱ የሚያመጣው። በብዙ ቤት ሶኬቱ የግራውንድ ብረት አለው፣ ከኋላው ግን ምንም አልታሰረም። እንዲህ ባለ ቤት አረስተሩ ግፊቱን የሚያወርድበት መሬት ስለሌለው ሥራው ግማሽ በግማሽ ይቀራል።

የመንዝ መሬት ለዚህ ያስቸግራል። አፈሩ ስስ በሆነበት ተረተር ዘንጉ ጥቂት ወርዶ ድንጋይ ይገጥመዋል። ድንጋዩን እየደበደቡ ዘንግ ከማጣመም፣ ቦይ ቆፍሮ የመዳብ ሽቦ ወይም ጠፍጣፋ ብረት በአግድም መቅበር ይሻላል። በጋ ላይ አፈሩ ሲደርቅ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቦታው የዕቃ ማጠቢያ ውኃ የሚፈስበት ቢሆን ጥሩ ነው። ጨው መጨመር ለጊዜው ይረዳል፣ ብረቱን ግን ይበላዋል። የሚለካ ባለሙያ ከተገኘ ከ10 ኦም በታች ለማድረስ ይሞከር።

አንዳንድ ሠራተኛ ለመቆፈር ሰንፎ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር ያስረዋል። ይህ ሰው ይገድላል። ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን የፍሪጁ በርና የምጣዱ ቆርቆሮ ኮረንቲ ይይዛሉ።

ከፍታውስ?

ከቻይና የመጣ ቻርጀር ጀርባ ላይ ተራራ የመሰለ ምልክትና 2000 የሚል ቁጥር አይታችሁ ይሆናል። ዕቃው ከ2,000 ሜትር በታች ላለ ቦታ ነው የተሠራው ማለት ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የጓሳ ሣር ሜዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በ3,000 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። የሳሳ አየር ኮረንቲን የመከላከል አቅሙ ስለሚያንስ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት በሽቦዎች መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት በ3,000 ሜትር በ1.14፣ በ4,000 ሜትር በ1.29 መባዛት አለበት። ምልክቱ ያለበት ቻርጀር እዚህ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ግፊት ሲመጣ ቆላ ካለው ቀድሞ ይሸነፋል እንጂ። ቆላ ላይ እንደ ቅንጦት የሚታየው አረስተር እዚህ ቁም ነገር የሚሆነው ለዚህም ነው።

ስታቢላይዘር ለማን?

ቮልቴጁ ሁልጊዜ ዝቅ ለሚልበት ቤት ብቻ። ከመስመሩ ጫፍ ላይ ያላችሁ፣ ማታ ማታ 170 ወይም 160 የምታዩ፣ ለፍሪጅ ያስፈልጋችኋል፤ የሣጥኑ ፕሮቴክተር 180 ላይ ከተደረገ ግን ስታቢላይዘሩ ሳይሠራ መብራቱን ስለሚቆርጠው የታችኛውን ወሰን ዝቅ አድርጉት። የፍሪጅ ሞተር ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ 150 ዋት ብሎ ለተጻፈበት ፍሪጅ ቢያንስ 1,000 ቪኤ ውሰዱ። ምጣድ ስታቢላይዘር ላይ አይሰካም፤ አያስፈልገውምም። መብረቅን ስታቢላይዘር አያስቆምም፤ በጣም ፈጣኑ እንኳ ከመብረቅ ጋር ሲነጻጸር ዘገምተኛ ነው።

የተረሳው ገመድ

ሰማዩ ሲጠቁር የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቅሎ የዲሹን ገመድ የሚተው ቤት ብዙ ነው። ዲሹ ጣራ ላይ ነው፤ ገመዱ ቀጥታ ሪሲቨሩ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ይነቀሉ። በስልክ መስመር ኢንተርኔት ያለው የሞደሙን የስልክ ሽቦም አይርሳ። ሶላር ያላችሁ የፓኔሉን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሽቦ አጠጋግታችሁ አውርዱ፤ ተራርቀው ከወረዱ መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በመካከላቸው ግፊት ይፈጠራል።

መንቀል የሚገባው ግን ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ነው። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ በየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ሽቦ መንካት ቀርቶ ከሶኬቱ መራቅ ይሻላል። ዕቃ ይተካል።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ

ለአንድ ብቻ ከበቃ በሣጥን የሚገጠመውን ቁጥር የሚያሳይ ፕሮቴክተር ግዙ፤ መብረቅን በመንቀል መከላከል ይቻላል፣ ኒውትራል ግን ሰው በሌለበት ሌሊትም ይበጠሳል። ሁለተኛ ገንዘብ ሲገኝ ለግራውንድ ይውጣ፤ አረስተሩ ከዚያ ይቀጥላል። ያለ ግራውንድ አረስተር የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ። ቁፋሮውን ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ጀምሩት፤ ሰኔ ነጎድጓዱን ይዞ ሲመጣ ኤሌክትሪሽያን ማግኘትም ይከብዳል።