አምሮቱ ከአንጀት ሲነሳ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቤሪያ ሰፈር መጠጥ ያቆመ ሰው ሲያገረሽበት «ወኔ የለውም» ብለን እንዘጋዋለን። አሁን ደግሞ ጥፋቱ የአንጀት ባክቴሪያ ነው ይላሉ። ሰበብ ፍለጋ አይሆንም?

ጋሼ፦ ሰበብም ከሆነ የሚለካ ሰበብ ነው። አልኮል የአንጀትን ግድግዳ ያላላል፤ በላላው በኩል የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ይገባል፤ ሰውነት ይቆጣል፤ ቁጣውም አእምሮን ይነካል። የቤልጅየሙ የሉቬን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመጠጥ ሱስ የታከሙ 60 ሰዎችን መርምረው በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ግድግዳቸው ላልቶ የተገኘው 26ቱ ነበሩ። ሦስት ሳምንት ካቆሙ በኋላ ከሌሎቹ ይበልጥ ድብርት፣ ጭንቀትና አምሮት የበረታባቸውም እነዚሁ ናቸው። ነገሩ ወኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ አንጀት ላይ ምን ሊሠራ ይታያል? የቀሩት 34ቱ ደግሞ ሁሉንም ነገር በአንጀት ማሳበብ እንደማይቻል ይመሰክራሉ።

ወጣቱ፦ አብዝቶ የጠጣው ሰው አንጀቱም ስሜቱም አብሮ ተጎድቶ ቢሆንስ? አንዱ የሌላው ምክንያት ላይሆን ይችላል።

ጋሼ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ በ2020 የሱሰኞችን የአንጀት ባክቴሪያ አልኮል ላልቀመሱ አይጦች የሰጡት፤ አይጦቹ ድብርት የሚመስል ጠባይ አሳዩ፣ ከጓደኞቻቸውም ራቁ። አይጥ ሰው አይደለም ትለኝ ይሆናል። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጉበታቸው የተጎዳ 20 ጠጪዎች ተፈትነዋል፤ ግማሾቹ የጤነኛ ሰው ሰገራ ባክቴሪያ፣ ግማሾቹ ማስመሰያ ተሰጣቸው (ያስጸይፋል፣ ግን ሕክምና ነው)። በ15ኛው ቀን አምሮት የቀነሰላቸው ከመጀመሪያዎቹ 90 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 30 በመቶ ነበሩ። 20 ሰው ግን ጥቂት ነው፤ መድኃኒት ተገኘ ብዬ አላውጅም።

ወጣቱ፦ ታዲያ የእኛ ጠላም ሆነ የደቡብ አፍሪካውያኑ ባህላዊ ቢራ ኡምቆምቦቲ የፈላ ነው፤ ሕያው እርሾ አለው። አይጠቅምም?

ጋሼ፦ እርሾው ቢኖርም ግድግዳውን የሚያላላው አልኮልም አብሮት አለ። መጠጥ ያቆመ ሰው እርጎ ቢጠጣ፣ ምስርና ሽሮ ቢበላ ለአንጀቱ ይሻለዋል፤ ግን ይህ ብቻውን ሱስ አያስለቅቅም።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ጄፒ ሰፈር ያለውን ሱቁን ዘግቶ በመጠጥ መሸጫው፣ በቦትል ስቶር ደጃፍ ለሚያልፈው ወንድማችን ምን እንበለው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ፣ ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ከሆነ ብቻውን በድንገት አያቁም፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ መሰል መንዘፍዘፍ ሊገድለው ይችላል። በመጋቢት 2020 ደቡብ አፍሪካ በኮሮና ምክንያት የመጠጥ ሽያጭ ስትከለክል ስንቱ ሳይዘጋጅ ለማቆም እንደተገደደ አስበው። ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ከዚያ በኋላ፣ ሦስት ሳምንት ሞላህ፣ ድነሃል ብላችሁ ቢራ ወዳለበት ክርስትና አትጥሩት።