«ቦታ የለም» እና «ፋይሉ ትልቅ ነው»፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች

የትምህርት ቤታችን የዓመቱ መዝጊያ በዓል ሲደርስ ብዙ ወላጆች ዝግጅቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስልካቸው ይቀርጻሉ። ቪዲዮውን ወደ ሜሞሪ ካርድ ለመገልበጥ ወይም አገር ቤት ላሉ ዘመዶች ለመላክ ሲሞክሩ ግን ስልኩ እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ቶሎ የሚታሰበው የቆዩ ፎቶግራፎችን ማጥፋት ነው። ፎቶግራፎቹ ከጠፉ በኋላም ቪዲዮው ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ እኛ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ከማጥፋት በፊት ችግሩን እንዴት መለየት እንደሚቻል እናስረዳለን።

ጎተራው ባዶ ቢሆንም በሩ ከጠበበ ትልቅ ዕቃ አይገባም፤ ጎተራውን ማጽዳትም በሩን አያሰፋውም። ስልክም እንዲሁ ነው። ባዶ ቦታ ማለቁ አንድ ችግር ነው። የአንድ ፋይል መጠን ከተፈቀደው ማለፉ ደግሞ ሌላ ችግር ነው።

32 ጊጋባይትና ከዚያ በታች የሚይዙ ሜሞሪ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ፋት 32 በሚባል የፋይል አያያዝ ሥርዓት ነው። ዕድሜ የሚሞላባቸው ሁለት ሳጥኖች ብቻ ያሉትን ቅጽ እናስብ፤ ከ99 በላይ አይጻፍበትም። ፋት 32 የፋይልን መጠን የሚመዘግበው ዜሮ ወይም አንድ በሚጻፍባቸው 32 ሳጥኖች ነው። በእነዚህ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። በመሆኑም ካርዱ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም ከዚህ ባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። አንድ ቪዲዮ በደቂቃ 130 ሜጋባይት የሚይዝ ከሆነ 34ኛው ደቂቃ ሳያልቅ ገደቡን ያልፋል።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ ቪዲዮውን በስልኩ የቪዲዮ መቁረጫ ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል እንደ አዲስ ቅጂ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ካርዱን በ2006 በወጣው ኤክስፋት በሚባለው ሥርዓት ፎርማት ማድረግ ነው። ነገር ግን ፎርማት በካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ አንዳንድ የቆዩ ስልኮችም ኤክስፋትን አያነቡም። ስለዚህ አስቀድሞ ሁሉን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥና የተገለበጠው በትክክል መከፈቱን ማረጋገጥ ግድ ነው።

በመላክም ጊዜ ገደብ አለ። ጂሜይል ከመልእክት ጋር አባሪ እንዲሆን የሚፈቅደው እስከ 25 ሜጋባይት ነው። ፋይል በኢሜይል ሲላክ ወደ ጽሑፍ ምልክቶች ስለሚለወጥ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ከገደቡ ዝቅ ማለት ይሻላል። ቴሌግራም ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ ለአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይፈቅዳል። በዋትስአፕ ቪዲዮ እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ መጠኑ ይቀነሳል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ጥራቱ እንዲጠበቅ ከተፈለገ እንደ ሰነድ መላክ ይቻላል።

እንግዲህ ስልኩ እምቢ ሲል ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦
1. በቅንብሮች ውስጥ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ ማየት፤
2. የፋይሉን ዝርዝር መረጃ ከፍቶ መጠኑን ማንበብ፤
3. ባዶው ቦታ ከፋይሉ የሚበልጥ ከሆነ ምንም ሳያጠፉ የካርዱን ወይም የመላኪያውን ገደብ መመርመር።

ወላጆች በዚህ ቢቸገሩ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ተማሪዎችም የወላጆቻችሁን ፎቶግራፍ ከመንካታችሁ በፊት ቁጥሩን አስሉ፤ አንዴ የጠፋ የአያት ፎቶግራፍ በቀላሉ አይተካምና።