በሲ ፕሮግራም ጋርቤጅ ኮሌክተርን ከብዙ ትሬድ ጋር ማሠራት

በሚርዲፍ ሰፈር ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ ልጆች የምንሠራው ፕሮግራም በሲ የተጻፈ ነው። የአማርኛ ፋይሎችን በአራት ትሬድ ተከፋፍሎ ያነብና እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቆጥራል። የቃላቱን ዝርዝር አራቱም ትሬዶች ስለሚጋሩት ሜሞሪውን የትኛው መልቀቅ እንዳለበት መወሰን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ሀንስ ቦህም፣ አለን ዴመርስና ማርክ ዋይዘር የሠሩትን ጋርቤጅ ኮሌክተር (ከዚህ በኋላ ሰብሳቢ) መረጥን። ቦህምና ዋይዘር ስለ እሱ የጻፉት ጥናት በ1988 (በአውሮፓውያን) ታትሟል፤ ጂኤንዩ ጋይልም ለዓመታት ተጠቅሞበታል። ሥራው ስታኩንና ሬጂስተሩን እየፈተሸ ፖይንተር የሚመስለውን ሁሉ መከተል ነው። ማንም ያልያዘውን ሜሞሪ መልሶ ለሥራ ያውለዋል።

መጫኑ ቀላል ነው። ኡቡንቱ ላይ ሊብጂሲ-ዴቭን ጫኑ፣ ሊንክ ስታደርጉ ጂሲንና ፒትሬድን ጨምሩ፣ በሜይን የመጀመሪያ መስመር ላይ ጂሲ_ኢኒትን ጥሩ፣ ማሎክን በጂሲ_ማሎክ ተኩ።

አሁን ቆም በሉ። ሌሊቱን የሚበላው ቀጣዩ እርምጃ ነው።

ሰብሳቢው ሥራውን ሲጀምር ሌሎቹን ትሬዶች በሙሉ ያስቆማል። ሊኑክስ ላይ ለእያንዳንዱ ሲግፒደብሊውአር የሚባለውን ሲግናል ይልካል፤ ሁሉም ሲቆሙ ስታካቸውን ይፈትሻል፤ ሲጨርስ በሲግኤክስሲፒዩ ያስቀጥላቸዋል። ሲግናል የሚልከው ግን ለሚያውቃቸው ትሬዶች ብቻ ነው። የሚያውቃቸውም የሰብሳቢው ሄደር ፋይል ፒትሬድ_ክሪኤትን በራሱ ጂሲ_ፒትሬድ_ክሪኤት ስለሚተካ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሄደሩ ከመግባቱ በፊት ጂሲ_ትሬድስ የሚለው ማክሮ ከተበየነ ብቻ ነው።

አንድ ፋይል ላይ ብትረሱት ኮምፓይለሩ ምንም አይላችሁም። በዚያ ፋይል የተፈጠረው ትሬድ ሌሎቹ ቆመው ሳለ መሮጡን ይቀጥላል፤ ስታኩን የሚያየው የለም። እሱ ብቻ የያዘው ሜሞሪ ለሌላ ትሬድ ይሰጥና የአንዱ ፋይል ቃል በሌላው ቃል መካከል ተሰንቅሮ ይወጣል። ፕሮግራሙ የሚወድቀው ከስህተቱ ርቆ፣ ምንም ባላጠፋ ፈንክሽን ውስጥ ነው። ትንሽ ፋይል ስትሞክሩ ደግሞ ሰብሳቢው ጭራሽ ላይነሳ ስለሚችል ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። በዚህ አትታለሉ!

ስለዚህ ማክሮውን በየፋይሉ አናት ላይ አትበትኑት፤ ሜክፋይሉ ውስጥ ሲፍላግስ ላይ አንድ ጊዜ ጻፉት። ከዚያ እያንዳንዱን የኦ ፋይል በኤንኤም ፈትሹ። ባዶውን ፒትሬድ_ክሪኤት የሚጠራ ፋይል ካገኛችሁ ጥፋተኛው እሱ ነው። እኔ ይህን ፍተሻ ሜክፋይሉ ራሱ እንዲያደርገው እመርጣለሁ፤ ዓይን ይደክማል።

የራሱን ትሬድ የሚፈጥር የሌላ ሰው ላይብረሪ ካለ ሜክፋይላችሁ አይደርስበትም። ሜይን ውስጥ ጂሲ_አላው_ሬጂስተር_ትሬድስን ጥሩ። ላይብረሪው ወደ እናንተ ኮድ ሲመለስ ጂሲ_ጌት_ስታክ_ቤዝ የስታኩን መነሻ ይስጣችሁ፣ በጂሲ_ሬጂስተር_ማይ_ትሬድ ተመዝገቡ፣ ትሬዱ ሳይሞት በፊትም በጂሲ_አንሬጂስተር_ማይ_ትሬድ ስሙን አሰርዙ። ካላሰረዛችሁ ሰብሳቢው ለሞተ ትሬድ ሲግናል ሊልክ ነው። ምክሬን ከጠየቃችሁኝ ግን እንዲህ ባለ ትሬድ ውስጥ የሰብሳቢውን ሜሞሪ ከነጭራሹ አትንኩ። መረጃውን በተራ ማሎክ ቀድታችሁ ለራሳችሁ ትሬድ በወረፋ አስረክቡ፤ ብዙ ጣጣ ይቀርላችኋል።

አንዳንድ ላይብረሪ ደግሞ በትሬዱ ላይ ሲግናሎችን በሙሉ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ትሬድ ከተመዘገበ ሰብሳቢው መልሱን ሲጠብቅ ፕሮግራሙ ባለበት ሊቀር ይችላል። በራሳችሁ ኮድ ግን ያው ጂሲ_ትሬድስ ፒትሬድ_ሲግማስክንም ስለሚተካ የማስቆሚያው ሲግናል ክፍት ይሆናል።

ጂዲቢ ውስጥ ስትገቡ የኃይል መቋረጥ የሚል መልእክት ይዞ በየደቂቃው ቢቆም አትደንግጡ፤ ያው የሰብሳቢው ሲግናል ነው። ሁለቱን ሲግናሎች ሳይቆምና ሳያትም እንዲያሳልፋቸው በሀንድል ትእዛዝ ንገሩት።

በተራ ማሎክ በተገኘ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ፖይንተር ለሰብሳቢው አይታይም። የግድ እዚያ ማስቀመጥ ካለባችሁ ቦታውን በጂሲ_ማሎክ_አንኮሌክተብል ውሰዱ።

ለጽሑፍ ጂሲ_ማሎክ_አቶሚክን ተጠቀሙ። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ጽሑፋችን ሜሞሪ ይበላል፤ በውስጡ ግን አንድም ፖይንተር የለም። ሰብሳቢው እንዲያልፈው ከነገራችሁት ድካሙ ይቀንሳል። ብቻ ይህኛው ሜሞሪውን በዜሮ ሞልቶ አይሰጥም፤ የመጨረሻዋን ዜሮ ራሳችሁ ጻፉ።

ለሙከራ በየጥቂት መቶ ቃላቱ ጂሲ_ጂኮሌክትን እየጠራችሁ ሰብሳቢውን በግድ አስነሱት፤ ጂሲ_ፕሪንት_ስታትስን በኢንቫይሮንመንት 1 ካደረጋችሁ ሥራውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። በዚህ ሁኔታ አራቱም ትሬዶች ትልቁን ፋይል ጨርሰው ቆጠራው ከአንድ ትሬድ ውጤት ጋር እስኪገጥም ድረስ ፍጥነት አትለኩ። ሲገጥም የግዱን ጥሪ አውጡና ያኔ ለኩ።