ታጣፊ የኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ለሽሮ ሜዳ ዳገት የትኛው ያዋጣል?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ንግድ የብዙ ነጋዴዎችን ዓይን ስቧል። ታጣፊ ብስክሌት ለመግዛትም ሆነ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ግን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል።

በመጀመሪያ ክብደቱ ይታይ። 25 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ቢታጠፍም 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት የሰውነቷ ግማሽ ነው፤ ደረጃ ይዛው ልትወጣ አትችልም። ከ18 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። ኮርቻው ዝቅ ሲልም እግሯ መሬት መንካት አለበት።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳና እንጦጦ መንገዱ ዳገት ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመውጣት፣ ሴትየዋና ብስክሌቱ በድምሩ 68 ኪሎ ቢሆኑ፣ 200 ዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግን ወደ 300 ይጠጋል። ስለዚህ ባለ 250 ዋት ሞተር ለእርሷ ይበቃታል፤ ለእርሱ ግን ፔዳል መምታት ግድ ይሆንበታል።

ሦስተኛው ባትሪው ነው። ባለ 36 ቮልትና 10 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 360 ዋት-ሰዓት ይይዛል። አየር መንገዶች ደግሞ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ እንዲህ ያለ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይቀበሉም። ከዱባይ በሻንጣ አመጣለሁ ያለ ነጋዴ ባትሪውን አየር ማረፊያ ጥሎ ይመለሳል፤ የጭነቱን ወጪ አስቀድሞ ያስላ።

በመጨረሻ ፍሬኑ በፊትም በኋላም ይፈተሽ። ዳገቱን የወጣ ሁሉ ቁልቁለቱን መውረዱ አይቀርም።